በግራ በኩል ያለው ጥላ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጦሳ ጉም ለብሶ፣
የሐረጎን ጥምዝ በጩኸት ጨርሶ፣
አምቡላንስ አመጣው።
ሙሄ ይሉታል ስሙን፤
ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሠላሳ ዓመቱን
የሽመና መኪና ሲጠግን ኖሮ፣
አንድ ቃል ተርፎታል ከዚያ ሁሉ አእምሮ።
«ማግ» ይላል።

ውሃ ሲጠማው «ማግ»፣
ራሱን ሲወጋው «ማግ»፣
የሚስቱን የዘምዘምን እጅ ሲፈልግ
«ማግ፣ ማግ»።
ስሟን አፉ ጥሎት፣ ዓይኑ ግን ይዞታል።

እኔ ባለ ስክሪን፣ የሌሊት ተረኛ፣
የሰው ጭንቅላት ሳነብ የማድር ብቸኛ፣
አጋደምኩት። ቀለበቱ ዞረ።
በግራ በኩል፣ ከጆሮው ከፍ ብሎ፣ ጥላ ነበረ፤
ቦርከና ዳር ጠዋት እንደሚተኛ ጉም
ዳርቻው አይታይ፣ መሐሉም አይለይም።

«ይኸው» አልኩኝ በሆዴ።

ቆይ፣ በሆዴ?
ስንት ዓመት ተምሬ፣ ስንት ራስ ሰንጥቄ በጨረር፣
ዛሬም ያሰብኩት በሆዴ ነበር።
ልቤ ነገረኝ እንላለን፤ አንጀቴን በላው፤
ጭንቅላትን ግን የምናስታውሰው ሲያመን ብቻ ነው።
ታዲያ ይህ ማሽን ምኑን ነው ያነሳው፣
ቤቱን ነው ወይስ ባለቤቱን?
ጣራውን አየሁት። መብራት የጠፋበትን ክፍል ቆጠርኩት።
ጨለማው ውስጥ ማን እንደተቀመጠ
ፊልሙ አይናገርም።

ልጁ ረውዳ ውጭ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣
ፊቷ በስልኳ ብርሃን ነጥቶ የሚታይ፣
ለዚያ ትጽፋለች፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላሉት።
(ማን አስተውሎ ይሆን ይህን ስም ያወጣለት?)
«አባቴ ‘ማግ’ ሲለኝ ምን ማለቱ ነው?»

መለሰላት። አልዘገየም።
ስለ ግራው አንጎል፣ ስለ ቃል መጥፋት፣
ማግ ማለት በድር መሐል የሚያልፍ ክር ስለመሆኑ፣
ስለ ትዕግሥት።
መጨረሻ ላይ፣ እንደ ወሎ ሰው፣ «አብሽሪ» አላት።
አለቀሰች። ቀለላት።

ቀናሁ ልበል? ተናደድኩ።
ሺህ አፍ ያለው፣ አንጀት ያልፈጠረበት፣
የማንን ሐዘን ቀምሶ ነው «አብሽሪ» ያላት?
ከስንት ለቅሶ ቤት ቃላችንን ለቅሞ
አዋደደው እንጂ፣ ድርና ማግ አስማምቶ፣
መቼ በረደው እሱ የደሴ ሌሊት፣ መቼ አደረ ቆሞ?
ብዬ ሳልጨርስ
ራሴን ሰማሁት፤ ትናንት፣ ከትናንት ወዲያ፣
በዚሁ በር ቆሜ፣ እንቅልፍ እየናጠኝ፣
«አብሽሩ» እያልኩ ስንቱን ስሸኝ።
ያኔ የት ነበርኩ? ልቤ የት አደረ?
አፌ ብቻውን ነው ተረኛ የነበረ።
የተጽናኑት ግን ተጽናንተው ሄደዋል።

ዘምዘም አወራችኝ። ድሮ፣ ፋብሪካው ሲሞቅ፣
ሁለት መቶ መኪና ባንድ ላይ ሲንጫጫ፣
ሙሄ ከበሩ ላይ ጆሮውን ጣል አድርጎ
«አርባ ሁለተኛዋን አሟታል» ይል ነበር።
መሐንዲሱ «እንዴት አወቅህ?» ቢለው፣ ትከሻውን ሰብቆ፣
«እንዲሁ አወቅኩት።»
ሄደው ሲያዩ፣ እውነትም፣ መወርወሪያዋ ተሰንጥቆ።

አሟታል አለ፣ ብረትን!
ብረት ያመዋል ወይ ብሎ የጠየቀው የለም፤
እሱም ያወቀበትን መንገድ ለማንም አላሳየም።
ማብራሪያ የሌለው እውቀት አለ እንበል፤
እውቀት የሌለው ማብራሪያስ? እሱን ምን እንበል?
እኔ እንጃ። እንቅልፍም ይዞኛል።

ሊነጋ ሲል፣ ከአራዳ በኩል አንድ ባጃጅ ሲያስነሳ፣
አልጋውን ልገፋ ጎንበስ አልኩ።
ያዘኝ።
እጄን አይደለም፣ የጋውኔን እጅጌ።
ጣቶቹ ጨርቁን ዳበሱ፣ ሄዱ፣ ተመለሱ፣
አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።
ቀና ብሎ አየኝና
«ማግ» አለ።

ውሃን የጠራበት ቃል ነው? ሕመሙን የነገረበት?
ወይስ ሌሊቱን ሁሉ ስትባዝን አድራ
አሁን ቤቷን አገኘች?

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ።
ጥላው እንዳለ ነው።
እጅጌዬን ወደ መብራቱ አስጠጋሁት፤
አንድ ክር፣ በአግድም፣
እውነትም ጎድሏል።